ሃያ ሁለት ክኒን

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቁልፍ ሠሪው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። እርሳሱ ከጣቶቹ መሃል አልወደቀም። ከፊቱ ያለው ብርጭቆ ውሃ እስከ ግማሽ ተጠጥቷል።

ሰውየው በዕድሜው አንድም ቁልፍ ሠርቶ አያውቅም፤ ኬሚስት ነበር። በሽታ የሚያመጣውን ኢንዛይም እንደ ቁልፍ ቀዳዳ እያየ፣ ልክክ ብሎ ገብቶ የሚደፍነውን ሞለኪውል ሲነድፍ ሠላሳ ዓመት በመኖሩ ነው ስሙ የወጣለት።

የዚያን ቀን ሁሉም «ልቡ ናት» አለ። ልቡ ድሮም ታማሚ ነበረች። ረቡዕ ማለዳ ግን የአስከሬን ምርመራው ደረሰ፤ በደሙ ውስጥ የራሱ የልብ መድኃኒት መሆን ከሚገባው አምስት እጥፍ ተገኝቷል። ክኒኑን በየቀኑ የምትሰጠው ታላቅ እህቱ ነበረች፤ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢም እሷው ናት። ከሰዓት በኋላ ታሰረች።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯ አለቃዋ ዘንድ ተጠራች።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት፣ መዝገቡን እየገፋላት። «ነገ ከሰዓት ክስ ይመሠረታል። አንብበሽ ፈርሚበት።»

ኢንስፔክተሯ ጡረታዋ ዘጠኝ ወር የቀራት፣ ደረጃ ባየች ቁጥር ጉልበቷ የሚያማርር ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ፊት ለፊት የሚላት ግን አልተወለደም። መዝገቡን ቆማ አነበበችው።

«ክኒኖቹ ተቆጥረዋል?»

«ተቆጥረዋል። ሠላሳ የሚይዝ እሽግ ነው። ከተከፈተ ሃያ ሁለት ቀኑ፤ የቀረው ስምንት።»

«ሠላሳ ሲቀነስ ስምንት ስንት ነው ጌታዬ?»

አለቃው የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ሃያ ሁለት ነው። ለሃያ ሁለት ቀን ሃያ ሁለት ክኒን። ታዲያ አምስት እጥፉ ከየት መጣ? ከጣሪያ ዘነበ?»

«ሌላ ቦታ ገዝታ ይሆናላ!»

«ከሆነ እፈርማለሁ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ስጠኝ።»

*

እህቲቱ በእስረኞች ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብዛት ነጥተው፣ ከሌላ ሰው የተዋሰቻቸው ይመስላሉ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ኢንስፔክተሯም እንዲሁ አለቻት።

«እትዬ፣ አዳርሽ እንዴት ነበር?»

«አዳሬን ተይው ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዓይኔ ደክሟል። ምናልባት ሳላየው ሁለት ሁለት እያደረግኩ ሰጥቼው ይሆን? እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ኢንስፔክተሯ ብዙ እስረኛ አይታለች። «አልገደልኩም» የሚል እንጂ «ገድዬ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠማትም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«አሳድገሽዋል አሉ።»

«እናታችን ስትሞት እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የሰው ዕቃ አጠብኩ፤ እሱ ተማረ። ኋላ እዚህ ሲሾም ‹ከእሷ በቀር ብርጭቆዬን የሚያጠራልኝ የለም› ብሎ አመጣኝ። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ይሠራል። አራት ሰዓት ሲሆን ክኒኑን ከነውሃው አደርስለታለሁ። በቃ ኑሯችን ይኸው ነበር።»

«ሰሞኑን የተለየብሽ ነገር አለ?»

«ይዞረኛል ይል ነበር። ምግብ ቀነሰ። ደግሞ…» አመነታች። «አፉ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ጀመር። ነጭ ሽንኩርት ጨጓራውን ስለሚያቃጥለው እቤት ካስገባሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ውጭ እየበላ ይዋሸኛል ብዬ ተኮራረፍን። ሳንታረቅ ሞተ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሸተተሽ?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። «እትዬ፣ ከእጅሽ ይሁን አይሁን አጣርቼ እነግርሻለሁ። ደስ ቢልሽም ባይልሽም።»

*

የሟቹ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ በሟቹ ወፍራም ጽሑፍ አንድ ትእዛዝ ተለጥፏል፦ «ባዶውን ሳታዘጋጁ ምንም ነገር አትጀምሩ!» ጠረጴዛው ላይ የሥራ ደብተሩ ማክሰኞ ላይ ተከፍቷል፦ «የ117ን የጉበት ፈተና ዛሬ በገዛ እጄ እደግማለሁ።» ከደብተሩ ጎን የእጅ ቅባት ብልቃጥ አለ።

ኢንስፔክተሯ ክዳኑን ከፈተች። ቅባቱ በጣት ተዝቋል፤ በተዛቀበት ጠርዝ ላይ ቀጭንና ጥልቅ የጥፍር ጭረት ይታያል። የአስከሬኑን ፎቶግራፍ ከመዝገቡ አወጣች። የቁልፍ ሠሪው ጥፍሮች እስከ ሥጋው ድረስ የተከረከሙ ናቸው። የቀኝ ሌባ ጣቱም ጫፍ የለውም፤ በተማሪነቱ ብርጭቆ ፈንድቶ ነው የወሰደበት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቀለለችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሞለኪውሎቹን በኮምፒውተር የሚነድፈውን ወጣት ነው። ጥፍሩን በልቶ ጨርሶ ወደ ጣቱ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

«ሠዓሊው የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ሥዕል እንኳ አልችልም። ስሙን ያወጣችልኝ እትዬ ናት።» ዓይኑ ቀላ። «እሷን መጠርጠራችሁ ግን ነውር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና።»

«ነውሩን ለአለቃዬ አደርስልሃለሁ። 117 ምንድን ነው?»

«ተስፋችን ነዋ! ጡንቻ የሚያደርቀውን በሽታ ያውቃሉ? እሱን የሚያባብሰውን ኢንዛይም ይደፍናል። መቶ አሥራ ስድስት ጣልን፣ ይኼኛው ገጠመ። ሰኞ አርባ በሽተኞች መውሰድ ይጀምራሉ።»

«ሽማግሌው ሰሞኑን ነጭ ሽንኩርት ይሸቱ ነበር?»

ሠዓሊው ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። «እሳቸው ብቻ ቢሆኑ! አብራን የምትሠራው ዶክተርም እንደሳቸው። ተደብቀው ምሳ አብረው ይበላሉ ብዬ አማኋቸው። ነፍስ ይማር፣ ቀልድ ነበር። እሷማ ከጉዞ ስትመለስ ሁለት ብልቃጥ ቅባት አምጥታ አንዱን ለእሳቸው ሰጠች፣ አንዱን ለራሷ አስቀረች። እኔ በዓይኗም አልሞላሁ።»

«ቅር አለህ?»

«እጄ እኮ ተሰነጣጥቋል!» ብሎ የተበላ ጣቱን አሳያት።

ዶክተሯ ሞለኪውሎቹ በኢንዛይም ላይ የሚያደርጉትን የምትፈትን ሴት ናት። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ነጭ ጋዋኗ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ጓንቷን አውልቃ ስትቀመጥ ረዘም ያሉ፣ በወጉ የተሞረዱ ጥፍሮቿ ታዩ።

«እህቲቱ ሆን ብላ አይመስለኝም» አለች በሐዘን። «አርጅታለች። አንዳንዴ ቱቦ እንኳ ደርባ ታጥባለች።»

«ሟቹ ነጭ ሽንኩርት ይሸቱ ነበር ይባላል።»

«አዎን፤ ለደም ግፊቱ ብሎ ማኘክ ጀምሮ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ።»

ኢንስፔክተሯ የደረቁ እጆቿን አሻሸች። «ይኸ አየር እጄን ፈጀው። ቅባት ቢጤ ይኖርዎት ይሆን?»

«ይቅርታ፣ እኔ ቅባት ተጠቅሜ አላውቅም።»

«ዕድለኛ ነዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጥሩ ቆዳ ሰጥቶዎታል።»

የቀረው የሟቹ ምክትል ነው፤ ሠዓሊው የነደፈውን በእሳትና በብርጭቆ እየሠራ የሚያወጣ ግዙፍ ሰው። አሲድ ጥፍሮቹን በልቶ ጉቶ አድርጓቸዋል። ባለፈው ዓርብ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ በር ዘልቆ ተሰምቷል።

«አልክድም፣ ጮኻለሁ» አለ። «በሽተኞቹ እየጠበቁን ‹የጉበቱ ፈተና ካልተደገመ አይሆንም› አለኝ። የተፈረመበትን ፈተና! አሁን ደግሞ በሕይወት ኖሮ እንደገና በጮኸብኝ እላለሁ።»

«ይኸ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ነገር ምንድን ነው?»

ምክትሉ በግርምት አያት። «አሻጋሪ ነዋ። እኛ ያወጣንለት ስም ነው፤ ሞለኪውሎቹን የምናሟሟበት ፈሳሽ። ቆዳ ላይ ካረፈ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሟሟበትንም ነገር ይዞ ነው የሚገባ። ጓንት የምናደርገው ለዚህ ነው። የነካው ሰው አፉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይለዋል።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ዘጋች። «እስቲ ውሃ ስጠኝ» አለችው፤ መቼ «አንተ» ማለት እንደጀመረች ሁለቱም ልብ አላሉም።

ንጹሕ ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ማጠቢያው ክፍል ወረዱ። በሩን ሲከፍት ምክትሉ ራሱ ደነገጠ። ገንዳው ሞልቶ፣ መደርደሪያው ሞልቶ፣ ቱቦው፣ ብልቃጡ፣ ማንቆርቆሪያው ወለሉ ላይ ወርዷል። አንድ ንጹሕ ዕቃ የለም።

«ጉድ ነው! ይኸን ሁሉ ሥራ ስትሠሩ ሰነበታችሁ?»

«ኧረ እንዲያውም ግማሹን እንኳ አልሠራንም። አጣቢዋ ታስራለች እኮ።»

ኢንስፔክተሯ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረች።

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«ዕቃው አልጨመረም። አጣቢዋ ስለታሰረች ብቻ ተከመረ። አይደል ያልከው?»

«አዎ…»

«ሰው ሆድ ውስጥስ? የልብ ክኒኑን በየቀኑ አጥቦ የሚያስወጣው ማነው?»

«ጉበት ነዋ። እዚያ የሚያፈርሰው ኢንዛይም አለ፣ እሱ…» ምክትሉ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«እሱን አንድ ሰው ቢያስረውስ?»

«ክኒን ሳይጨመር… የትናንቱ ሳይታጠብ የዛሬው ይደረብበታል። በሦስት ሳምንት…» ግድግዳውን ተደገፈ። «የጉበቱ ፈተና ማለት እኮ ይኸው ነው። ሞለኪውላችን የምንፈልገውን ቀዳዳ ደፍኖ፣ የጉበቱን ግን እንዳይደፍን። 117 አይደፍንም ተብሎ ተፈርሟል።»

«የፈረመው ማነው?»

«ፈታኟ። ዶክተሯ።»

ኢንስፔክተሯ ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ለምክትሉ ሦስት የደም ቱቦዎች አመጣችለት። ስም የላቸውም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላሉ። 117 በየትኛው እንዳለ እንዲፈልግ፣ ጠቅልላ የያዘችውንም ቅባት እንዲመረምር፣ የጉበቱንም ፈተና እንዲደግም አዘዘችው። ጢማሙን ሹፌሯን አጠገቡ አስቀመጠችና «ለሽንት እንኳ ቢነሳ አብረኸው ተነሳ» አለችው።

*

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። እትዬ በፖሊስ ታጅባ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ የወንድሟን ባዶ ወንበር ላለማየት ወለሉን ታያለች። አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ለአለቃዬ ስል አላረዝምም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሃያ ሁለት ክኒን ተሰጠ፣ ሃያ ሁለት ክኒን ተዋጠ። ሰውየው ግን ከዚያ በላይ በዋጠ ሰው ሞት ሞተ። ሁላችንም ማን ጨመረበት እያልን ስንጠይቅ ነበር። ማንም አልጨመረበትም። ጉበቱ ውስጥ ያለውን አጣቢ ነው ያሰሩበት። ምክትል፣ ደሙን ንገራቸው።»

ምክትሉ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። «አንደኛው ንጹሕ ነው። ሦስተኛውም ንጹሕ። ሁለተኛው ውስጥ 117 አለ።»

«አንደኛው የእኔ ነው። ሦስተኛው የሹፌሬ፤ ንጹሕ መባሉ እሱንም ሳይገርመው አልቀረም። ሁለተኛው የሟቹ ነው። ምክትሉ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ገዳይ ቢሆን ሦስቱንም ንጹሕ ናቸው ብሎ ይገላገል ነበር። የጉበቱስ ፈተና?»

«ይደፍናል» አለ ምክትሉ። «117 ጉበቱን ድፍን አድርጎ ይደፍናል። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።»

ሠዓሊው ጣቱን ከአፉ አወጣ። ዶክተሯ አልተነቃነቀችም።

«እንግዲህ ወደ ሰውየው እንዴት ገባ? ሟቹም ዶክተሯም ሦስት ሳምንት ነጭ ሽንኩርት ሸተቱ። ዶክተሯ ለደም ግፊቱ ያኝክ ነበር አሉኝ። እህቱ ግን ጨጓራውን ስለሚያቃጥለው አሥር ዓመት እንዳልቀመሰ ነገረችኝ። የሸተተው አሻጋሪው ነው፤ ከቆዳ ገብቶ፣ 117ን አዝሎ። መንገዱ ደግሞ የእጅ ቅባት ነበር።»

«ቅባቱን እኔ እንደሰጠሁት ሁሉም ያውቃል» አለች ዶክተሯ በረጋ ድምፅ። «መርምሩታ! ምንም የለበትም።»

«ተመርምሯል። እውነትዎን ነው፣ 117 የለበትም። ግን ምን አለበት መሰለዎት? አሻጋሪ። የእጅ ቅባት ውስጥ አሻጋሪ ማን ይጨምራል?» ወደ ምክትሉ ዞረች። «አሻጋሪው ያለበት፣ ሌላውም ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሞለኪውሉ ብቻ የሌለበት የማነጻጸሪያ ነገር፤ እዚህ ቤት ምን ትሉታላችሁ?»

ምክትሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ትእዛዝ አየ።

«ባዶ።»

«ባዶውን የሚያዘጋጀውስ ማነው?»

ሁሉም ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ሁለት ብልቃጥ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንዱ ከነሞለኪውሉ ለእሱ፣ ሌላው ባዶው ለራሷ። ሽታው ከየት መጣ ቢላት ‹እኔም እቀባዋለሁ፣ ይኸው ደህና ነኝ› ትለዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲተራመስ የእሱን አነሳች፣ የራሷን አስቀመጠች። ለእኔ ግን ‹ቅባት ተጠቅሜ አላውቅም› አለችኝ። ሠዓሊው ለራሷ ስታስቀር አይቷታል፤ ስላልደረሰው አይረሳውም። የተቀመጠውም ቅባት በጥፍር ተጭሯል። ሟቹ ጥፍር አልነበረውም። ሠዓሊው በልቶታል፣ ምክትሉን አሲድ በልቶታል።» እስካሁን የያዘችውን «እርስዎ» ጣለችው። «እስቲ እጅሽን አሳዪን።»

ዶክተሯ እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከኀፍረት ይልቅ ኩራት በሚመስል ድምፅ፣ «ባዶ ሳላዘጋጅ ጀምሬ አላውቅም» አለች።

«ለምን?» አለ ሠዓሊው፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ለምን እሳቸውን?»

«አሥር ዓመት ሠርቼበታለሁ! የሚደፍነው በትንሹ ነው ብዬ አንዲት ቁጥር ቀየርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አምጪ አለኝ። ቢያገኘው 117ን ከነሥሩ ይጥለው ነበር። እነዚያ በሽተኞች ሌላ ምን አላቸው?»

«ከአርባዎቹ ስንቱ የልብ መድኃኒት ይወስዳል?» ኢንስፔክተሯ ምክትሉን ጠየቀች።

«እኩሌታው» አለ ምክትሉ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

«ከሰኞ በኋላ ሃያ እትዬዎች በየቤታቸው ተቀምጠው ‹ዓይኔ ነው፣ ቆጠራ ተሳስቼ ነው› ሊሉ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሽማግሌው ሊያረጋግጥ የፈለገውን ፈተና አንቺው በገላው ላይ ሠራሽው። ያልዋሸሽበት ውጤት ይኸ ብቻ ነው።»

አለቃው ሰዓቱን ማየት ትቶ ተነሳ። ዶክተሯን ይዘዋት ወጡ።

*

እትዬ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ኢንስፔክተሯ ፈልጋ ያገኘቻት ማጠቢያው ክፍል ነው። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከክምሩ ፊት ቆማለች። ሙቅ ውሃው ይወርዳል።

«እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሃያ ሁለት ቀን፣ ሃያ ሁለት ክኒን። አንድ አልበዛ፣ አንድ አልጎደለ። ዓይንሽ አልሳተም። ስለ ነጭ ሽንኩርቱም ወንድምሽ አልዋሸሽም።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ቱቦ አነሳች፣ አጠበች፣ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው፣ ገለበጠችው። ሌላም አነሳች።

«ከእጄ ነው ግን የወሰደው» አለች ዞር ሳትል። «ያን ክኒን።»

ኢንስፔክተሯ ምላሷ ላይ የመጣውን ማጽናኛ ሁሉ መልሳ ዋጠችው፤ ደስ ቢልሽም ባይልሽም ብላ ቃል ገብታ ነበርና።

«አዎ እትዬ። ከእጅሽ ነው።»

ፎጣውን ከመስቀያው አወረደችና አጠገቧ ቆመች። እትዬ ታጥባለች፣ እሷ ታደርቃለች። ጉልበቷ ቢያማትም ወንበር አልፈለገችም። ገንዳው ሲጎድል እትዬ እጇን አራግፋ ክምሩን ቃኘች፤ የሆነ ነገር የፈለገች ትመስላለች።

«ያን ብርጭቆ» አለች። «የመጨረሻውን ውሃ የጠጣበትን። ፖሊሶቹ ወስደውታል አሉ። መቼ ትመልሱልኛላችሁ?»

«ምን ሊያደርግልሽ እትዬ?»

«አልታጠበማ።»